ያለ ደረጃ የሚሸጥ አሮጌ ብርና የነጋዴው ቃል

ጅማ ውስጥ የምኒልክን ብር ወይም ጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን የብር ሳንቲም) ለስብስቡ የሚፈልግ ሰው ወደ አንጥረኞች ሱቅ፣ ወደ ሂርማታ ገበያ ወይም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። በሁሉም ዘንድ ስለ ሳንቲሙ ይዞታ፣ ማለትም ምን ያህል እንደተፋቀ ወይም እንደተጎዳ፣ የሚመሰክረው ሻጩ ራሱ ነው። በእኔ እምነት ሻጩ የሚነግረን ደረጃ የውይይት መነሻ ሊሆን ይችላል እንጂ የዋጋ መሠረት ሊሆን አይገባም፤ ገንዘባችንን ማውጣት ያለብን በዓይናችን ላየነውና በሚዛን ላረጋገጥነው ይዞታ ነው።

በውጭው ዓለም ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ትላልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ ዛሬ የብዙ ሰብሳቢዎች መግባቢያ ሆኗል፤ ከ60 ጀምሮ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ከእጅ ወደ እጅ ላልተዘዋወረ ሳንቲም ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ፒሲጂኤስ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉት ድርጅቶች ተቋቁመው፣ ሳንቲሙን ከሻጭም ከገዢም ተለይተው መርምረው ቁጥሩን ከሰጡ በኋላ በፕላስቲክ ሣጥን ያሽጉታል። ከጅማ ሆኖ አንድን ተራ ጠገራ ብር ወደዚያ ለመላክ የሚጠየቀው የምርመራ፣ የፖስታና የመድን ወጪ የሳንቲሙን ዋጋ በቀላሉ ሊበልጥ ስለሚችል፣ እኛ የምንገዛው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ያልታሸገና ማንም ያልመረመረው ነው። ነጋዴዎች ሁሉ ያታልላሉ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በ«ጥሩ» እና በ«እንደ አዲስ» መካከል ያለው የመልክ ልዩነት ጥቂት፣ የዋጋው ልዩነት ግን ብዙ በመሆኑ፣ ትርፉ የእርሱ የሆነ ሰው ወደ ላይኛው ቢያደላ የሚያስገርም አይደለም።

በእኛ አካባቢ ከማርጀትና ከመፋቅ ይልቅ ትልቁ ችግር ሳንቲሙ መታጠቡና ጌጥ ሆኖ መክረሙ ነው። ጠገራ ብር ለረጅም ዘመን የአንገት ጌጥ ስለነበር ብዙዎቹ ተበስተዋል፣ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል፤ ለሽያጭ ሲቀርቡ ማንጠልጠያው ይነሣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ከዚያም በአመድ ወይም በሎሚ ይታሻሉ። ስለዚህ እኔ ፊቱን ከማየቴ በፊት ጠርዙን ዙሪያውን አያለሁ። በጠገራው ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ቃላት በጎላ ፊደል ተቀርጸዋል፤ በተለይ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ባለው በኩል ፊደሎቹ ተፍቀው ወይም የብሩ ቀለም ተለውጦ ከተገኘ፣ ማንጠልጠያ እንደነበረው እጠረጥራለሁ። የታሸ ሳንቲም ደግሞ በመብራት ሥር ዘንበል ሲያደርጉት ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታዩበታል፤ ያልተነካ አዲስ ሳንቲም ግን ብርሃኑ በፊቱ ላይ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። መርማሪ ድርጅቶቹም ለታጠበና ለተበየደ ሳንቲም እንደ ጤናማው ቁጥር አይሰጡም፤ ጉድለቱን ጽፈው ያሽጉታል እንጂ። ለእኛ ገበያ «ተወልውሎ አምሯል» የሚባለው ሳንቲም በሰብሳቢ ዓይን የተጎዳ ነው፣ ይህን ሻጮቻችንም ገዢዎቻችንም ቢያውቁት እጅግ ደስ ይለኛል፤ ሳይታጠቡ በቀሩት ሳንቲሞች ላይ ያለው ጠቆር ያለ ቀለም አንዴ ከተነሣ አይመለስምና።

ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው አንድ አዛውንት አንጥረኛ፣ የምኒልክን አላድ (ግማሽ ብር) ስጠይቃቸው ገና ዋጋ ሳንነጋገር «ልጄ፣ ይሄ ተበይዶ ነበር፣ እዚህ ጋ እየው» ብለው ጠርዙን አሳዩኝ። ጉድለቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ በጎ ጎኑን ሲናገርም አምነዋለሁ።

ስለ ብሩ ንጽሕና ግን የማንንም ቃል መጠበቅ አያስፈልግም። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ መመታት የጀመረው የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ይመዝናል፣ ከሺህ 835 እጁም ብር ነው፤ ጠገራውም በክብደትና በንጽሕና ለእርሱ በጣም የቀረበ ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ በአንጥረኛ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ ከመለሱ በኋላ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ግድግዳና ታች ሳያስነኩ ማጥለቅ ነው፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው፤ 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ ብር ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ በብር የተለበጠ መዳብ ወይም ናስ ከሆነ ግን ከ3 ግራም በላይ ያሳያል።

ደረጃው ትክክል ሆኖ ዋጋው ስሕተት የሚሆንበት ጊዜም አለ። የምናገኘው ጠገራ ብር ሁሉ ለማለት ይቻላል 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ቢይዝም ከዚያ በኋላ በቪየና፣ እንዲሁም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ያንኑ ዓመት እንደያዘ ተመትቷል። እንከን የለሽ ሆኖ የሚያበራ ጠገራ ሲቀርብ እንግዲህ «ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ከሚለው ይልቅ የቅርብ ጊዜ ምት መሆኑን ማሰብ ይቀላል። 1936 ዓ.ም. የሚለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲምም ለብዙ ዓመታት ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ተመትቷል፤ ዓመቱን አይቶ ስለ ብርቅነቱ መናገር አይቻልም።

ነጋዴን የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ይህንኑ ሳንቲም ነገ መልሼ ባመጣልዎ በዚሁ ደረጃ ይገዙኛል?» ትርፉን ቀንሶ «አዎን፣ በዚሁ ደረጃ» የሚል ሰው በራሱ ደረጃ የሚያምን ሰው ነው። ሲሸጥ «እንደ አዲስ» ያለውን ሲገዛ «የተፋቀ» የሚል ከሆነ ግን፣ እኔም የምከፍለው ለተፋቀ ሳንቲም የሚገባውን ዋጋ ብቻ ነው። በቴሌግራም ሲሆን ደግሞ የሁለቱን ፊትና የጠርዙን ፎቶ በጎን በኩል በሚመጣ ብርሃን፣ ክብደቱንም በሚዛን ላይ እንዳለ እጠይቃለሁ፤ እነዚህ ሳይደርሱኝ ዋጋ አልጠራም።