ስም የሌለው ገንዘብ

የለጋሾችን መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስም ነው። ማን ሰጠ? ስሙ ካልተሞላ ገንዘቡን አይመዘግብም። ለእርዳታ ድርጅት ይህ ልክ ነው። ድርጅቱ ሰጪውን ማወቅ፣ ማመስገን፣ በሚቀጥለው ዓመትም መጠየቅ አለበት። የግብር ጉዳይም አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ሰጥቶ ከግብሩ እንዲቀነስለት ከፈለገ፣ ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስም ላይ ሙጭጭ ቢል አይፈረድበትም።

የመባ ነገር ግን ሌላ ነው። ከረጢቱ ይዞራል። ሰው እጁን ያስገባና ለጎረቤቱ ያሳልፈዋል። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛ ላይ ከሚፈሰው ገንዘብ አብዛኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እንዲታወቅም የሚፈልግ የለም። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ ተብሎ የተማረ ምእመን፣ ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ ስላልገባ ቅር አይለውም።

አንዲት ቤተ ክርስቲያን እንዳግዛት የጠራችኝ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስታረቅ ነበር። የመረጠችው ሲቪሲአርኤም የተባለውን የለጋሾች መዝገብ ፕሮግራም ነው። እኔም ብሆን እሱን እመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ እንደ ዎርድፕሬስና ድሩፓል ካሉ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ጋር አብሮ የሚሠራ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ከእኔ በፊት መጠቀም ጀምረው ነበር። ችግር የመጣው ሒሳቡ አልገጥም ሲል ነው። ፕሮግራሙ ባንክ ከገባው ገንዘብ በላይ ያሳያል። በየወሩ።

የልዩነቱ አቅጣጫ መጥፎ ነው። ባንኩ በልጦ ቢሆን ኖሮ «አንድ ነገር ሳይመዘገብ ቀርቷል» ተብሎ ይታለፋል። መዝገቡ ሲበልጥ ግን ሰው የሚጠይቀው «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደግሞ በቀጥታ የሚያርፈው ቆጣሪዎቹ ላይ ነው። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረም። ግን ሹክሹክታው ነበር፤ እነሱም ሰምተውታል።

ገንዘብ ያዥዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እንደ ደረስኩ የነገሩኝ ስለ ሶፍትዌሩ አልነበረም። «ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ለቆጠራ የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሐሜቱ አንገፍግፏቸው ከወጡ፣ ሌላ ማንን እለምናለሁ?»

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት የወረቀት ቅጾቹን አስመጣሁ። ጥሩ ልማድ ነበራቸው። ሁሌም የሚቆጥሩት ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ብሩን በየዓይነቱ ለይተው ይጽፋሉ፣ ይደምራሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ከረጢቱ ይታሸጋል። የቆጠራ ቅጹን ከባንኩ ገቢ ማድረጊያ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሁሉም ገጠመ። አንድም የጎደለ የለም። ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም ነበር፤ ግን ይህን ማሳደር ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ለገንዘብ ያዥዋ ወዲያው ነገርኳቸው። እሳቸውም በዚያው ሰዓት ስልክ አንስተው ለቆጣሪዎቹ ደወሉ። የስም ጉዳይ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጠበበ። ወረቀቱና ባንኩ ከተስማሙ፣ ትርፉ የገባው በምዝገባው በኩል ነው ማለት ነው። ተራ በተራ ስናይ ነገሩ አንዳንዶች ስማቸውንና መጠኑን ጽፈው ከረጢቱ ውስጥ በሚጥሏቸው ፖስታዎች ውስጥ ተገኘ። አንዳንድ ምእመናን አሥራታቸውን በስልክ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ ይልካሉ። ሆኖም ከረጢቱ ሲዞር ባዶ እጃቸውን ማሳለፍ አይወዱም። መስጠት ለእነሱ የአምልኮው ክፍል ነው። ስለዚህ የላኩበትን ማረጋገጫ አትመው በፖስታ ያስገባሉ። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ማንም እንዲያስቆመው አልፈለግኩም።

ቆጣሪዎቹ ወረቀቱ ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ አይደምሩትም። ልክ ናቸው። ፖስታውን የሚመዘግበው በጎ ፈቃደኛ ግን ስምና መጠን ያያል፤ ያስገባል። ከቀናት በኋላ ሌላው በጎ ፈቃደኛ የባንክ መግለጫውን ያመጣል፤ እሱም ያንኑ ያስገባል። አንድ ስጦታ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ሁለቱም ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ፕሮግራሙም የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም፤ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እኩል ገንዘብ ሊሰጥ ይችላልና። ፕሮግራሙ የግብይት ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን አለው፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከገባ እምቢ ይላል። ግን ሳጥኑን የሚሞላው አልነበረም።

አሁን የማረጋገጫ ወረቀቶች የራሳቸው ትሪ አላቸው። ከረጢቱ ውስጥ ይገባሉ፣ ይጸለይባቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ምዝገባ አይሄዱም። በባንክ የመጣ ስጦታ የሚመዘገበው ከባንክ መግለጫው ብቻ ነው፤ የግብይት ቁጥሩም ግዴታ ሆኗል።

ትልቁ ለውጥ ግን የምዝገባውን መነሻ ማዞር ነበር። ሲቪሲአርኤም በርከት ያሉ ስጦታዎችን በአንድ ላይ ለማስገባት የሚያስችል የጥቅል ምዝገባ አለው። ጥቅሉን ስትከፍት ስንት ስጦታ እንደሆነና ጠቅላላ ድምሩ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅሃል። ይህ ለእኛ የተፈጠረ ያህል ነው። ድምሩ ሁለቱ ሰዎች ከፈረሙበት ቅጽ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ስም ያላቸው ፖስታዎች ይገባሉ። ስም የሌለው የከረጢቱ ገንዘብ በአንድ መስመር ይገባል። ሁሉም ተደምሮ ከቅጹ ጋር ካልገጠመ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል። ችግሩ፣ ማስጠንቀቂያውን አልፎ «ይሁን፣ አስገባው» የሚል ቁልፍም አለው። ያንን ቁልፍ ከበጎ ፈቃደኞቹ ገጽ ላይ አነሳነው። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። ድምር ሳይገጥም ሲቀር አምሽቶ መፈለግ ያደክማል፣ እውነታቸውን ነው። ግን በዚያው ምሽት የሚገኝ ስህተት ከወር በኋላ ሐሜት አይሆንም።

ስም የሌለውን ገንዘብ ማን ላይ እንጻፈው? ፕሮግራሙ ያለ ባለቤት አይቀበልም ብያለሁ። በጎ ፈቃደኞቹ «ስም ያልተገለጸ» የሚባል ሰው ፈጥረው ነበር። አንዱ በ«ጸ» ጻፈው፣ ሌላው በ«ፀ»፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ሆኑ። ሁለቱም በትልልቅ ለጋሾች ዝርዝር አናት ላይ ተቀመጡ። የአንድ ሰው አማካይ ስጦታ የሚለው ሪፖርትም ትርጉም አጣ። እኛ ሰው መሆኑን አስቀርተን በድርጅት መልክ «የመባ ከረጢት» ብለን መዘገብነው። የለጋሾች ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ደብዳቤ አይላክለትም፤ ድምሩ ግን ሒሳብ ውስጥ ይቆጠራል። የሌለ ሰው ከመፈልሰፍ፣ ገንዘቡ ከከረጢት መጣ ብሎ መጻፉ እውነት ነው።

ሕግም ይህን ዓይነት ገንዘብ ያውቀዋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ አሠራር አለ። ቤተ ክርስቲያናትና ሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከ30 ፓውንድ ላልበለጠ የእጅ በእጅ ስጦታ፣ ሰጪው ቅጽ ሳይሞላ፣ ከመንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ ይችላሉ። ከእነሱ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ስንት እንደተሰበሰበና መቼ እንደተሰበሰበ የሚያሳይ መዝገብ ነው። የተፈረመ የቆጠራ ቅጽ ያለው ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አያጣም።

አሥራት፣ መባ፣ ግንባታ፣ የተቸገሩ መርጃ፤ እነዚህን በየራሳቸው የገቢ ዓይነት መለየት ቀላሉ ሥራ ነበር። ትኩረት የሚሻው አንድ ፖስታ ለሁለት ሲከፈል ነው። «ግማሹ ለግንባታ» ያለ ሰው ገንዘቡ ለደመወዝ ከዋለ አደራ ተበልቷል፤ ስለዚህ መከፋፈሉ የሚጻፈው ቆጠራው ጠረጴዛ ላይ፣ ፖስታው ገና በእጅ እያለ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ብዬ ተከራከርኩ። ፕሮግራሙ አምና ሰጥተው ዘንድሮ ያልሰጡ ሰዎችን የሚያወጣ ሪፖርት አለው። ለእርዳታ ድርጅት ግሩም መሣሪያ ነው። ከኮሚቴው አንድ ወንድም ለእነዚህ ሰዎች በየሩብ ዓመቱ በራሱ ጊዜ የሚሄድ የማስታወሻ ደብዳቤ እንድናዘጋጅ ጠየቁ። ሐሳባቸው ቀና ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። ግን ዝርዝሩ ላይ ያለው ማን ነው? ሥራ ያጣ ሰው። ልጁ የታመመበት ሰው። ወይም ዛሬም የሚሰጥ፣ ግን ፖስታውን ትቶ ጥሬ ገንዘብ ከረጢት ውስጥ የሚጥል ሰው። ለእሱ «መስጠት አቁመዋል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን ይሰማዋል? ገንዘብ ያዥዋ ይህን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ይዘጋ» አሉ። ተዘጋ። አሁን የግለሰብ ስጦታ የሚያዩት እሳቸውና ሒሳብ መዝጋቢው ብቻ ናቸው። መጋቢው ራሳቸው እንዳያዩ ጠይቀዋል። ምእመኑን ሊጠይቁ ቤቱ ሲሄዱ ቁጥሩ ዓይናቸው ላይ እንዲመጣ አይፈልጉም።

የቀረው የባልና ሚስት ፖስታ ነው። ፕሮግራሙ ግለሰብን፣ ቤተሰብንና ድርጅትን ለይቶ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ የጋራውን ፖስታ በቤተሰብ ስም እናስገባለን። ሁለቱ አንድ የዓመት መግለጫ ሲፈልጉ ይህ ይሠራል። አንዳቸው ሲሞቱ ወይም ሲለያዩ ግን ቀድሞ በጋራ የተሰጠው ስጦታ በማን ስም ይውጣ? አሁን ለየጥያቄው ገንዘብ ያዥዋ ቤተሰቡን አነጋግረው በእጅ ይወስናሉ፤ ውሳኔውንም ከነቀኑ ማስታወሻ ላይ ይጽፋሉ። ፕሮግራሙ በራሱ እንዲወስን አላደረግንም።