በትኩስ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ሙቀት መለካት፦ ዝናቡን አትርሱ

አንድ ቴርሞሜትር አመድ ውስጥ ቢተከል ቦታው ምን ያህል እንደሚሞቅ ይነግረናል፤ ሙቀቱ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። ለዚያ በአንድ ጉድጓድ በ10፣ 20፣ 40፣ 80 እና 150 ሴንቲሜትር ጥልቀት መለኪያ ያስፈልጋል። ላይኞቹ ሁለቱ ፀሐይንና የሌሊት ብርድን ስለሚከተሉ ለስሌት አይሆኑም። በደረቅ አመድ 40 ሴንቲሜትር ላይ ከዚህ የቀንና የሌሊት መለዋወጥ የሚተርፈው ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው።

ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች የተሠራ፣ ሙቀትን በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚያሳይ መለኪያ)፣ 3 ሚሊሜትር የማይዝግ ሽፋን ያለው ይመረጣል። ወፍራም የብረት ቱቦ ሙቀቱን ራሱ ወደ ላይ ስለሚያወጣ ንባቡን ያሳንሳል። ጉድጓዱ በወጣው አመድ መልሶ መጠቅጠቅ አለበት፤ ክፍተት ከቀረ እንፋሎት በዚያው ይወጣል፣ የሚለካውም እሱ ይሆናል። በጣም የሚያሳስተው ግን ገመዱ ነው። ንባቡን እስከሚያስቀምጠው መሣሪያ፣ እስከ መዝጋቢው ድረስ የኬ ዓይነት መሆን አለበት። 60 ዲግሪ በሆነ መሬት ላይ ከመዳብ ጋር ቢቀጠልና መዝጋቢው 25 ዲግሪ ላይ ቢሆን፣ ንባቡ ሁሉ 35 ዲግሪ ያህል ይጎድላል፤ መዝጋቢው የሚያርመው የራሱን ማያያዣ ሙቀት ብቻ ነውና።

የአመዱ ሙቀት አስተላላፊነት ማሞቂያና ሙቀት መለኪያ በውስጡ ባለው መርፌ ይለካል። መርፌው በሜትር 5 ዋት እየሞቀ ሙቀቱ ከጊዜው ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አንጻር ይሳላል። የቀጥታው መስመር ተዳፋት 2 ዲግሪ ከሆነ፣ 5 ለ4π ሲባዛ 2 ተካፍሎ 0.2 ዋት በሜትር በዲግሪ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የመርፌውንና የአመዱን ንክኪ ስለሚያሳዩ ይጣላሉ። በ40 እና በ80 ሴንቲሜትር መካከል የ80 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ 0.2 በ80 ተባዝቶ ለ0.4 ሜትር ሲካፈል፣ በካሬ ሜትር 40 ዋት ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው አመዱ ደረቅ ሲሆን ነው። አንዱ ጥልቀት በውሃ መፍሊያ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆየ (በባሕር ወለል 100፣ በ2000 ሜትር ከፍታ 93 ዲግሪ ገደማ) ሙቀቱን የሚያጓጉዘው እንፋሎት ሆኗል። 10 ሚሊሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር 10 ኪሎግራም ነው፤ ሁሉም ከተነነ 22.6 ሚሊዮን ጁል ይወስዳል። በ40 ዋት ይህን ያህል ለመውጣት ስድስት ቀን ተኩል ይፈጅ ነበር! ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጣቢያ አጠገብ የዝናብ መለኪያ ይቁም፣ ንባቡም በየ10 ደቂቃው ይመዝገብ።

ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወደ ትኩሱ የአመድ ክምችት አትቅረቡ። በፊሊፒንስ በሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከ1991 ፍንዳታ በኋላ ትኩሱ ክምችት ከውሃ ጋር እየተገናኘ ለዓመታት ሲፈነዳ ኖሯል።