ሱርትሴይ ለምን አልፈረሰችም?

ከባህር ውስጥ በእሳተ ገሞራ የሚወለዱ ደሴቶች ብዙዎቹ ዓመት እንኳ አይሞላቸውም። ከአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሱርትሴይ ግን ያ ሁሉ የሰሜን አትላንቲክ ማዕበል እየደበደባት ከ60 ዓመት በላይ ቆይታለች። ስለ እሷ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው አወላለዷ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ከዚያ በኋላ እንዴት ቆመች የሚለው ነው፤ ስለዚህ ልደቷን በአጭሩ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኖቬምበር 14 ቀን 1963 ማለዳ ላይ ኢስሌይፉር 2 የተባለች የዓሣ ማጥመጃ መርከብ በዚያው ደቡባዊ ጠረፍ አጠገብ ካሉት ከቬስትማን ደሴቶች በስተ ደቡብ ምዕራብ ነበረች። የመርከቧ ምግብ አብሳይ ኦላፉር ቬስትማን ከባህሩ ላይ ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየ። ካፒቴኑ ጉድማር ቶማሶን የተቃጠለ መርከብ መስሎት ለእርዳታ ወደ ጭሱ አቀና። ሲቀርቡ የሚፈነዳው ባህሩ ራሱ ሆኖ ተገኘ። የባህሩ ወለል እዚያ ላይ 130 ሜትር ጥልቀት ነበረው፤ ፍንዳታው ከወለሉ የጀመረው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። በጥልቅ ውኃ ውስጥ ከላይ የሚጫነው የውኃ ክብደት እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ክምሩ አድጎ ወደ ላይ እስኪቃረብ ድረስ ከባህሩ በላይ የሚታይ ነገር አይኖርም። በማግስቱ ደሴቷ ብቅ ብላ ታየች። አይስላንዳውያን በጥንት አፈ ታሪካቸው ውስጥ ባለው የእሳት ግዙፍ በሱርት ስም ሰየሟት፤ ሱርትሴይ ማለት የሱርት ደሴት ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣው ላቫ፣ ማለትም እንደ ወንዝ የሚፈስ ቅልጥ አለት፣ አልነበረም። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ቅልጥ አለት ከባህር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ቅልጡን አለት በታትኖ ይበትነዋል፣ ስብርባሪውም ወዲያው ይቀዘቅዛል። በዝግታ ስላልቀዘቀዘ ማዕድናቱ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አያገኙም፤ ስለዚህ የሚወድቀው አመድና ጠጠር አብዛኛው ብርጭቆ ነው። በእጅ ቢዘግኑት ጥቁር ሻካራ አሸዋ ይመስላል። ይህ ብርጭቆ መሆኑ ኋላ ላይ ዋና ጉዳይ ይሆናልና ያዙት። የፍንዳታው ዓይነት ዛሬ በሥነ እሳተ ገሞራ ትምህርት በዚህችው ደሴት ስም ይጠራል። ጥቁር የአመድ ጄቶች እንደ ዶሮ ጭራ ተቆልምመው ይወጣሉ፣ ከጫፋቸው ነጭ እንፋሎት ይለቃሉ፣ ከዚያ ይወድቃሉ።

እንዲህ ያለ ክምር ግን ደሴት ሆኖ አይዘልቅም። ማስረጃው እዚያው አጠገቧ ነው። በዚሁ ፍንዳታ ዘመን ሌሎች ሦስት ቀዳዳዎች ተከፍተው ነበር። ሱርትላ ከባህሩ በላይ ሳትወጣ ቀረች። ሲርትሊንጉር በ1965 ወጥታ 70 ሜትር ገደማ ከፍታ ደረሰች፤ ፍንዳታው እንዳበቃ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ማዕበል ጨርሶ አጠባት። ዮልኒርም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተጀምራ በ1966 መጸው ደብዛዋ ጠፋ። ሁሉም አመድና ጠጠር ብቻ ነበሩ። ላቫ አላፈሰሱም።

ሱርትሴይን የለያት አንድ ቀን አለ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 1964። በእሳተ ገሞራው አፍ ዙሪያ የተከመረው አመድ በቂ ቁመትና ስፋት ይዞ ባህሩ ወደ አፉ እንዳይገባ ዘጋው። ውኃው ሲቀር ፍንዳታውም ቀረ፤ በምትኩ ላቫ መፍሰስ ጀመረ። ላቫው በደቡብ በኩል እየተደራረበ ወርዶ በአመዱ ላይ እንደ ጋሻ ተነጠፈ። እስከ 1965 ሜይ ድረስ ቀጠለና ቆመ፤ በኦገስት 1966 ከሌላኛው አፍ እንደገና ተነሥቶ ጁን 5 ቀን 1967 ሙሉ በሙሉ አበቃ። በድምሩ ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ያን ጊዜ ስፋቷ 2.65 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍታዋ ከ170 ሜትር በላይ ነበር።

ብዙ ጽሑፎች «ላቫው አዳናት» ብለው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ግማሽ እውነት ነው። ላቫው በቀጫጭን ንብርብር የተሠራ ስለሆነ ባህሩ ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ከላይ ያለው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ በክረምት ማዕበል ገደሉ በቁራጭ ይናዳል። በተለይ በደቡብ ምዕራብ በኩል። ከገደሉ የወደቀውን ድንጋይ ማዕበሉ እያንከባለለ ያድቦለቡለውና በሁለቱም ጎን ወደ ሰሜን ይወስደዋል፤ በሰሜን ጫፍ ያለው ዝቅ ያለ የኮረትና የአሸዋ ምላስ የተሠራው በዚህ ነው። በ2008 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የቀራት 141 ሄክታር (1.41 ካሬ ኪሎ ሜትር) ነበር፤ ከነበራት ግማሽ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። ላቫው ጊዜ ገዛላት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋናው ሥራ የተሠራው ግን ከውስጥ ነው።

ፍንዳታው ሲያበቃ በክምሩ ውስጥ ሽቅብ የገባና ሳይወጣ የቀረ ቅልጥ አለት ነበር። ሙቀቱ የባህርና የዝናብ ውኃን አሙቆ በአመዱ መሃል ማዘዋወር ጀመረ። ሙቅ ውኃ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆን ይበላዋል፤ ብርጭቆው ውኃ ጠጥቶ ፓላጎናይት ወደሚባል ቡናማ ንጥረ ነገር ይለወጣል፣ ከውስጡ የተለቀቁት ንጥረ ነገሮች ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት አዳዲስ ማዕድናት ሆነው ይረጋሉ። ውጤቱ ሲሚንቶ እንደ መጣል ነው። ጥቁሩ ልቅ አሸዋ ቡናማ ጠንካራ ድንጋይ፣ ማለትም ቱፍ ሆነ። ከዚያ በፊት ይህ ዓይነት ለውጥ እጅግ ረጅም ዘመን የሚጠይቅ ይመስል ነበር፤ ሱርትሴይ ላይ ግን ፍንዳታው ባቆመ በሁለት ዓመት ገደማ የጠነከረው ድንጋይ መታየት ጀመረ። በ1979 ደሴቷ 181 ሜትር ጥልቀት ተቆፍራ ናሙና ሲወጣ በጉድጓዱ ውስጥ የተለካው ከፍተኛ ሙቀት ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በ2017 ተመራማሪዎች ተመልሰው ከአሮጌው ጉድጓድ አጠገብ ሌሎች ቆፈሩ፤ ያው ድንጋይ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ጎን ለጎን ማነጻጸር ተቻለ። እንዲህ ያለ ዕድል በሌላ ቦታ አይገኝም።

ይህ ለውጥ ሁሉን ቻይ አይደለም። በቶንጋ በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ የወጣችው ሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃፓይ ከብዙዎች ግምት በላይ ቆይታ ነበር። ጃንዋሪ 2022 ላይ ያጠፋት ማዕበል አይደለም፤ ያው እሳተ ገሞራ ራሱ በከባድ ፍንዳታ በተናት። ሱርትሴይ ግን የወለዳት አፍ እንደተዘጋ ነው። የወደፊት መልኳን ለማየት የቬስትማን ደሴቶችን ትናንሾቹን ዓለቶች መመልከት ይበቃል። በተመሳሳይ መንገድ ተወልደው ዳር ዳሩ ተበልቶ ጠንካራው ልብ ብቻ የቀረላቸው፣ ዙሪያቸውን ገደል የሆኑ ናቸው።

ሕይወት የገባበት መንገድም ሥርዓት አለው። የመጀመሪያዋ ቅጠላም ተክል በ1965 በአሸዋማው ዳርቻ የበቀለች ካኪሌ የምትባል የባህር ዳር ተክል ናት፤ ዘሯ በጨው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ሳይሞት ይጓዛል። አልሰነበተችም። በ1967 የደረሰችው ሆንኬኒያ ግን ሥሯን በአሸዋው ውስጥ ርቆ ስለምትዘረጋ ጸናች። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ነገሩ አዝጋሚ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ አሸዋው ውስጥ ናይትሮጅን የለም፣ ዝናቡም ሳይቆይ ወደ ታች ይሰርጋል። ዘር ቢመጣም ይበቅልና በምግብ እጦት ይቀጭጫል።

ለውጡን ያመጡት ወፎች ናቸው። በ1970 ፉልማር የሚባለው የባህር ወፍና ሌላ አንድ ዝርያ በገደሉ ላይ ጎጆ ሠሩ፤ ገደል ላይ የሚወድቅ ኩስ ግን አብዛኛው ወደ ባህር ይሄዳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጥቁር ጀርባ ያላቸው የባህር ወፎች በደቡብ በኩል ባለው የላቫ ሜዳ ላይ በመንጋ መራባት ሲጀምሩ ነው ሁሉም የተፋጠነው። መሬት ላይ ጎጆ ይሠራሉ፣ ከባህር ያመጡትን እዚያው ይጥላሉ፤ ኩሱ ማዳበሪያ ሆነ፣ ዘርም አብሮ መጣ። መንጋው ያለበት ቦታ ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሲሆን ከእሱ ጥቂት ርቆ ያለው ላቫ ገና ባዶ ነው፤ ድንበሩ በዓይን ይለያል። በ1998 የመጀመሪያው ቁጥቋጦ፣ አኻያ፣ በቀለ። ዩኔስኮ ሲመዘግባት 60 ቅጠላም ተክሎች፣ 75 የሞስ (ዝቅ ብሎ ድንጋይና አፈር ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ተክል) ወገኖች፣ 71 ላይከኖች (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሯቸው ሕያዋን)፣ 89 የወፍ ዝርያዎችና 335 አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ተቆጥረውባት ነበር።

ይህ ሁሉ ቁጥር ዋጋ የሚኖረው ሰው ያላመጣው መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ደሴቷ በ1965፣ ፍንዳታው ሳያልቅ፣ በሕግ ተከለለች፤ ያለ ፈቃድ ደሴቷን መርገጥ አይቻልም፣ ፈቃድ የሚያገኙትም ለጥናት የሚሄዱ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ዘር ሆን ብሎ የሚያመጣ ሰው አይደለም። ዘር የሚደበቅባቸው ቦታዎች የጫማ ሶል ስንጥቅ፣ የካልሲ ክር፣ የሱሪ እጥፋት፣ የቦርሳ ስፌት፣ የኪስ ጥግ ናቸው፤ ከመሳፈር በፊት እነዚህ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። የሚረሳው ቦታ የሰው አንጀት ነው። አንድ ጊዜ በላቫው መካከል ማንም ያልጠበቀው ተክል ለምልሞ ተገኘ። ቀርበው ሲያዩት ቲማቲም ነው። ሥሩን ሲከተሉ ከጎብኚ አንዱ ሜዳ ላይ የተጸዳዳበት ቦታ ደረሱ፤ የቲማቲም ፍሬ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋልና እዚያው በራሱ ማዳበሪያ በቅሎ ነበር። ነቅለው አስወገዱት።