ከሙጫ ወደ ቡሎን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን የአንድ መኪና ቦዲ በእጃችን አነሳን። ክሬን አልነበረም። ሁለታችን ከፊት፣ ሁለታችን ከኋላ ያዝንና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ብድግ አደረግነው። ከሻንሲው፣ ከሥሩ ካለው የብረት አጽም፣ ተላቀቀ። ጥቂት እርምጃ ተሸክመን ሄደን እንጨት መቆሚያ ላይ አሳረፍነው። አዲስ አበባ ከጀመርኩ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አላለፈም።

መኪናው ሎተስ ዩሮፓ ነው፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። የ1970 ምርት፣ ሁለተኛው ትውልድ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔ የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ ኖርዊች አጠገብ ነው። ሎተስ የሚሠራበት ሄተል የሚባለው ቦታ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሎተስ በ1966 ወደዚያ ተዛወረ፣ ዩሮፓም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጣች። አዎ፣ «ወጣች»። ከዚህ በኋላ እንደ መኪና ሳይሆን እንደ ሰው ብጠራት ስለምወዳት ነው።

ሞተሯ ከኋላ ነው ስል አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ወዲያው ቮልስዋገን ነው የሚታያቸው። እኔም እጄን ያፍታታሁት በአባቴ ጋራዥ ቮልስ ላይ ነው። ግን ልዩነት አለ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ፣ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነው የተቀመጠው። የዩሮፓ ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ዞር ለማለት አትቸገርም፣ ሸክሙ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ያንኑ ውሃ በረዥም ዱላ ጫፍ አንጠልጥላችሁ ለመዞር ብትሞክሩ ግን ዱላው ራሱ ይጎትታችኋል። መሃል ሞተር ማለት እንስራውን ጀርባ ላይ ማዘል ነው። መሪው በቀላሉ ይታዘዛል።

ሎተስ ይህን ከእሽቅድምድም ያውቀዋል። ጂም ክላርክ በ1963 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሞተራቸው ከጀርባው በሆነ ሎተሶች ነው። መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ መኪና ብርቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ቦኔ ጄት በ1962 ቀድሟል። ላምቦርጊኒ ሚዩራም በ1966 መጣ፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም። የሎተሱ መሥራች ኮሊን ቻፕማን የፈለገው ደመወዝተኛ ሰው ሊደርስበት የሚችል መሃል ሞተር ነው።

ርካሽ ለማድረግ የሌላ ፋብሪካ ሞተር ያስፈልጋል። የተገኘው ሬኖ 16 የሚባለው የቤተሰብ መኪና ላይ ነው። የፊት ጎማው የሚነዳ መኪና ነው። ሞተሩ ከፊት አክስል ኋላ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ፊት። ሎተሶች ሞተሩንና ካምቢዮውን እንዳለ አውጥተው፣ አዙረው፣ ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጡት።

ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ጋራዡን ከዘጋ ቆይቷል፣ የመኪና ወሬ ግን አይጠግብም። ዝም አለ። ዝም ሲል በጭንቅላቱ እየፈታ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ፣ «እንዴ! ከዞረማ ጎማው ወደ ኋላ ነው የሚሽከረከረው» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ዲፈረንሻሉን ገልብጠውት መሆን አለበት። ትልቁን ጥርስ ወደ ሌላኛው ጎን።»

ልክ ነው። ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዲፈረንሻል የካምቢዮውን ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የጥርሶች ስብስብ ነው። የዲፈረንሻሉን ትልቅ ጥርስ ወደ ማዶ ባያዞሩት ኖሮ መኪናዋ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖራት ነበር። አባቴ ዩሮፓን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በሠላሳ ሰከንድ ነው የደረሰበት።

መልኳን የሣለው ሮን ሂክማን ነው፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሰው። ንድፉ በመጀመሪያ የታሰበው ፎርድ በፈረንሳዩ የሌ ማን እሽቅድምድም ላይ ፌራሪን የሚያሸንፍ መኪና ሲፈልግ ነበር። ፎርድ ሥራውን ለሌላ ሰጠ፣ ሥዕሉ ግን አልተጣለም። ነፋስን ሰንጥቆ ለማለፍ የተሳለ ስለሆነ የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥሩ (ባነሰ ቁጥር ይሻላል) 0.29 ነው ይባላል። ለዚያ ዘመን የሚገርም ነው። ከፍታዋ 1 ሜትር ከ8 ሴንቲ ገደማ ነው። አጠገቧ ስቆም ጣሪያዋ ወገቤ አካባቢ ነው። ከኋላ በኩል ጎንና ጎኗ እንደ ግድግዳ ከፍ ስለሚል እንግሊዞች «የዳቦ መኪና» ብለው ስም አወጡላት። በነገራችን ላይ ያ የሚታጠፍ የአናጢ ጠረጴዛ፣ እንጨት እንደ ክላምፕ ነክሶ የሚይዘው ዎርክሜት፣ የዚሁ የሂክማን ፈጠራ ነው። እኛ ጋራዥ ውስጥ አንድ አለ። ቅዳሜ ዕለት የዩሮፓን ትንንሽ ዕቃ እሱ ላይ ነበር የምደረድረው። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ መሆናቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሙጫው ልምጣ።

የመጀመሪያዋ ዩሮፓ ክብደቷ 610 ኪሎ አካባቢ ነበር። ሞተሯ 1,470 ሲሲ፣ 82 የፈረስ ጉልበት። ያንን ቅለት ያገኙት ከሁሉም ነገር ላይ እየቀነሱ ነው። የጎን መስኮቶቹ አይከፈቱም። ወንበሮቹ አይንቀሳቀሱም። ረዥም ሰው ከሆንክ የሚስተካከሉት ፔዳሎቹ ናቸው። የፋይበር ግላስ ቦዲው ደግሞ ከብረት ሻንሲው ጋር በሙጫ ተጣብቋል። ሐሳቡ ገብቶኛል። ቦዲና ሻንሲ አንድ አካል ከሆኑ ጭነቱን አብረው ይሸከማሉ፣ መኪናው አይጠማዘዝም። መሐንዲስ ብሆን እኔም እዚያው የምደርስ ይመስለኛል።

ግን መካኒክ ነኝ። ብረት ይዝጋል። ብረቱ በዛገ ቀን፣ ወይ መኪናው በተጋጨ ቀን፣ እዚያ ሻንሲ ላይ ለመድረስ ፋይበር ግላስ መቁረጥ ሊኖርብህ ነው። የማይፈታ ነገር ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው የሚያምረው።

በ1968 ሁለተኛው ትውልድ መጣ። መጽሔቶች ስለሱ ሲጽፉ በኤሌክትሪክ የሚከፈት መስኮት፣ የሚስተካከል ወንበር፣ የእንጨት ዳሽቦርድ፣ ምንጣፍ እያሉ ይዘረዝራሉ። እውነት ነው፣ ሰው ገብቶ የሚኖርበት መኪና የሆነችው ያን ጊዜ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ማንም ቁጭ ብሎ የማያየው ነው። ሙጫው ቀርቶ ቡሎን ሆነ። ክብደት ጨመረች፣ ልክ ነው። በምላሹ ግን ዕድሜ አገኘች። እኛ ቅዳሜ ዕለት ቦዲውን በእጃችን ያነሳነው ያኔ አንድ ሰው ሄተል ላይ ቆሞ «ይህ ነገር አንድ ቀን መፈታት አለበት» ብሎ ስላሰበ ነው።

ቦዲው ሲነሳ የሚቀረው ሻንሲ ደግሞ ቆሞ ማየት ነው። አራት ማዕዘን ቦይ የመሰለ ብረት በሁለቱ ወንበሮች መሃል ያልፋል። አከርካሪ ነው። ከፊት በኩል እንደ መስቀል ተጋድሞ የፊት ጎማዎቹን ይይዛል። ወደ ኋላ ሲደርስ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈልና ሞተሩን መሃሉ ያስቀምጠዋል። ሌላ ምንም የለም። ልጅ ሆነን ከባህር ዛፍ ባላ ቆርጠን ወንጭፍ ስንሠራ የነበረውን ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ ነው ያሳየኝ። መምህሩ ከነኮታቸው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ብረቱን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። አርባ ዓመት ይዘዋታል። ሆዷን ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

ዝገቱ ያለው ከፊት፣ የተጋደመው ብረት ላይ ነው። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው የዛገውን ሳይቆርጥ ላዩ ላይ ላሜራ ለጥፎበታል። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብዬ ስነካው ድምፁ ደረቅ ነበር፣ ከዚያ ጫፉ ሰመጠ። ቦዲው ባይነሳ ኖሮ ይህን አላይም ነበር። መምህሩም የፊት ጎማቸው እንዲህ ባለ ብረት ላይ ተይዞ አውራ ጎዳና ላይ በ110 ኪሎ ሜትር ይነዱ ነበር። ላሜራውን ቆርጬ ሳወጣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ከሁለተኛው ትውልድ በኋላ ያለው ታሪክ የጉልበት ታሪክ ነው። በ1971 የሬኖው ሞተር ወጥቶ የሎተስ የራሱ ትዊን ካም ገባ። የፎርድ ብሎክ፣ ላዩ ላይ ሁለት ካም (ባልቦላዎቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) ያሉት የሎተስ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ። 1,558 ሲሲ፣ 105 የፈረስ ጉልበት። ያን የዳቦ መኪና ግድግዳም ዝቅ አድርገው ቆረጡት፣ ሹፌሩ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ማየት ቻለ። በሚቀጥለው ዓመት ስፔሻል የሚባለው መጣ። ትላልቅ ባልቦላ፣ 126 የፈረስ ጉልበት፣ ለፈለገ አምስት ማርሽ። የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተቀብተው ወርቃማ መስመር ነበራቸው፣ ልክ እንደዚያን ጊዜ የፎርሙላ አንድ ሎተሶች። እስከ 1975 ድረስ ተሠርታለች። በጠቅላላው ከ9,000 በላይ ዩሮፓ ወጥቷል።

ሰብሳቢዎች ስፔሻሉን ነው የሚፈልጉት። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ ድምፁም ልብ ይሰርቃል። ይህን አልክድም። ግን የትዊን ካም የውሃ ፓምፕ ከሞተሩ የፊት ክዳን ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሠራው። ፓምፑን ለመቀየር ክዳኑ መውጣት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ቴስታታው ይነሳል፣ የዘይት መያዣውም ይወርዳል። ዩሮፓ ላይ የሞተሩ ፊት ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። የሬኖው ሞተር ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ ግን ገበሬ ነው። አሉሚኒየም ነው፣ ቀላል ነው፣ ሥራውን ያውቃል። አንዷን ውሰድ ብትሉኝ የመምህሩን ዓይነት፣ ሁለተኛዋን ነው የምወስደው።

ከዩሮፓ በኋላ ኤስፕሪ የሚባለው ሎተስ መጣ። የኤስፕሪ የመጀመሪያ ናሙና በ1972 ሲታይ ከሥሩ የነበረው የተረዘመ የዩሮፓ ሻንሲ ነው። ቱሪን ላይ ቦዲውን የሠራው ጣሊያናዊው የመኪና ንድፍ ባለሙያ ጁጃሮ ነበር። ኤስፕሪ እስከ 2004 ዘለቀ፣ መጨረሻ ላይም ቪ8 ሞተር ነበረው። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በ1996 ገበያ የገባው ሌላው ሎተስ፣ ኤሊዝ ነው። ሻንሲው 68 ኪሎ ብቻ የሚመዝን አሉሚኒየም ነው። ብረቶቹ እንዴት ነው የተያያዙት? በሙጫ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ሙጫው ተመለሰ። በዚህኛው ግን የሚጣበቀው አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ነው፣ የላዩ ፋይበር ግላስ ደግሞ እየተፈታ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ዩሮፓና ሁለተኛዋ አንድ መኪና ላይ የታረቁ መሰለኝ።

አሁን የመምህሩ ሻንሲ የፊት ብረት ተቆርጦ አዲስ ተበይዷል። ቀለሙ እየደረቀ ነው። ቦዲው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሳል። አዳዲሶቹን ቡሎኖች በየቦታቸው ለይቼ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌ።

ካምቢዮው ዘይት ስለሚያንጠባጥብ ሐሙስ ማታ እፈታዋለሁ። አባቴ ያን የተገለበጠ ጥርስ ካላየሁ ብሏል። ስልኬን ዎርክሜቱ ላይ አቁሜ እደውልለታለሁ። አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ እራቱን ቀደም ብሎ እንዲበላ ነግሬዋለሁ።