340 ግራም

ጀርመን ውስጥ ለአነስተኛ አውሮፕላኖች ሞተር በሚሠራ ድርጅት ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አልተርኔተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል) ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ፣ የብራኬቱን፣ ክብደት መቀነስ። ያን ሰሞን ቢሮው ውስጥ ወሬው ሁሉ ካታሊስት ስለሚባለው የአውሮፕላን ሞተር ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በዚያ የቱርቦፕሮፕ ሞተር ላይ 855 ክፍሎችን በ3ዲ ህትመት ወደ 12 አውርዷል። እኛ ከአንድ ብራኬት ጥቂት ግራም መንጠቅ ያቅተናል?

ሶፍትዌሩ ጭነት የሚበዛበትን ቦታ በቀይ፣ ሥራ የፈታውን በሰማያዊ ያሳያል። ሰማያዊውን ቆረጥኩ። አሰላሁ፣ ደግሜ ቆረጥኩ። መጨረሻ ላይ ብራኬቱ የተጋጠ አጥንት መሰለ። 340 ግራም ቀነሰ፣ ቀይ የሚባል ነገር የለም። አለቃዬ ደስ ብሎት ቁጥሩን ስላይድ ላይ አሰፈረው።

የሞተር መሞከሪያውን የሚመሩት ጡረታ የቀረባቸው ቴክኒሺያን ናቸው። (እዚያ ሁሉም ሰው አንተ ነው የሚባባለው። እኔ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ምንም ሳልጠራቸው ነበር የማወራቸው።) ብራኬቱን አገላብጠው አዩትና "ይሄ ይዘፍናል" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሞተሩን በደቂቃ 2,460 ዙር ላይ አቆዩት። አውሮፕላኑ አየር ላይ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው እዚያ አካባቢ ነው። በሦስተኛው ሰዓት ብራኬቱ ተሰንጥቆ አልተርኔተሩ ተንጠለጠለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ሌላ ብራኬት አሰሩ፣ አልተርኔተሩ ላይ ሴንሰር ለጠፉ፣ በትንሽ መዶሻ ኳ አደረጉት። ስክሪኑ 82 ኸርዝ አሳየ፤ ሲመታ በራሱ በሴኮንድ 82 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። "በል አሁን አስላ" አሉኝ።

ስሌቱ የልጅ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። 2,460 ለ60 ሲካፈል 41፣ እጥፉ 82። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በመጣ በሄደ ቁጥር ልክ በሰዓቱ እንደ መግፋት ነው፤ ያውም በሰዓት 295 ሺህ ጊዜ። የድሮው ብራኬት ሲመታ 140 ነበር የሚሰጠው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ 2,700 ዙር ቢሄድ እንኳ ግፊቱ ከ90 አያልፍም፣ ስለዚህ አይገናኙም።

እኔ የቀለለ ነገር ፈጥኖ ይርገበገባል ብዬ ነበር። ከባዱ ግን አልተርኔተሩ ነው፣ እሱን ደግሞ አልነካሁትም። የቆረጥኩት የብራኬቱን ግትርነት ነው፤ ወደ ሲሶ ወርዶ ነበር። ክሩ የላላ ክራር ድምፁ ይወርድ የለ?

ከሁሉም ያበሸቀኝ ግን በኋላ ያየሁት ነው። የንዝረት ስሌቱን ቀድሜ ብሠራው ኖሮም አያድነኝም ነበር። በሞዴሌ ላይ ቡሎኖቹን ከማይነቃነቅ ግድግዳ ጋር ነበር ያሰርኳቸው። እንደዚያ ሲሰላ 101 ይሰጣል፤ "ከ90 በላይ ነው" ብዬ አሳልፈው ነበር። ብራኬቱ የሚታሰርበት የሞተሩ አካል ራሱ ትንሽ እንደሚተጣጠፍ ሳስገባበት 83 መጣ። መዶሻው ያለው 82 ነው።

አዲሱን ስሠራ መጀመሪያ መሞከሪያ ክፍል ወርጄ የማሰሪያውን ቦታ ራሴ መታሁት፣ ለካሁት፤ ቁጥሩን ይዤ ነው ኮምፒውተሩ ጋ የተመለስኩት። ሁለት ቦታ የቆረጥኩትን መለስኩ። 128 ኸርዝ፣ 210 ግራም ቅናሽ።

ብራኬቱ በአሥር ቀን አለቀ። ስላይዱ ላይ 340 የሚለውን 210 ለማድረግ ግን ሦስት ስብሰባ ተቀመጥን።