ታላቁ የሮክ ጊታር ሶሎ የቱ ነው? የእኔ ሙግት

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች መካከል «ከሁሉ የሚበልጠው የጊታር ሶሎ (በዘፈን ውስጥ ጊታሩ ጎልቶ ዜማውን የሚመራበት ክፍል) የቱ ነው?» የሚለውን ያህል መቋጫ ያጣ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። አንዱ የሌድ ዘፔሊን ባንዱን ጊታሪስት የጂሚ ፔጅን ስም ሲያነሣ ሌላው የፒንክ ፍሎይዱን ዴቪድ ጊልሞርን ይጠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከኤዲ ቫን ሄለን በላይ ማንም የለም ብሎ ይነሣል። ክርክሩ ፍሬ የሚያጣው ግን ምርጫችን ስለሚለያይ ሳይሆን የምንለካበትን መስፈርት ሳንናገር ስለምንሟገት ነው። አንዳችን የጣት ፍጥነትን፣ ሌላችን ስሜትን፣ ሌላችን ደግሞ ማንም ያልሞከረውን መሞከርን በልባችን ይዘን እንነጋገራለን። ስለዚህ የራሴን መስፈርት አስቀድሜ ልናገር፤ ሶሎው ከዘፈኑ ውስጥ ቢወጣ ዘፈኑ ምን ያጣል? የሚጎድለው ጌጥ ብቻ ከሆነ ሶሎው የቱንም ያህል ቢያምር ከታላላቆቹ ተርታ አላሰልፈውም፤ ዘፈኑ ራሱ ትርጉሙን የሚያጣ ከሆነ ግን በቁም ነገር ልንመዝነው ይገባል። በዚህ መለኪያ ከሁሉ የሚልቀው ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» መካከል ላይ የሚገኘው ሶሎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም በዝርዝር አቀርባለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከመሣሪያው ጠባይ ይጀምራል። የጊታር ክር ሲመታ ድምፁ በአንድ ጊዜ ጎልቶ ይወጣና ወዲያው መክሰም ይጀምራል። ድምፃዊ እስትንፋሱ እስከፈቀደለት፣ የቫዮሊን ተጫዋችም ደጋኑ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አንዱን ድምፅ ይዘው መቆየት ሲችሉ፣ ጊታሪስት ለረጅም ዘመን ይህ ዕድል አልነበረውም። ይህን የለወጠው ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ የተደረገው የድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲጫንበት የድምፁን ጫፍ ይደፈጥጠዋል፤ በዚህም የመጀመሪያው ጉልህ ምትና በኋላ የሚቀረው ደካማ ንዝረት ስለሚቀራረቡ ጆሮ ድምፁን ሳይቀንስ እንደቀጠለ አድርጎ ይሰማዋል። ተጫዋቹ ወደ ማጉያው ሲጠጋ ደግሞ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ክሩን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ አንድ ኖታ እጅግ ረዥም ጊዜ ሊዘልቅ ይችላል። ክርን በጣት ገፍቶ ድምፁን ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ማሻገርና እዚያው ላይ ማርገብገብ ሲታከልበት፣ ጊታር የሰው ጉሮሮ የሚያደርገውን ማድረግ ቻለ። የሮክ ሶሎ ከድምፃዊው ጎን እንደ ሌላ ተናጋሪ ሊቆም የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «በስንት ፍጥነት ተጫወተ?» ከማለት ይልቅ «ምን ተናገረ?» ብሎ መጠየቅ ለመሣሪያው ተፈጥሮ የቀረበ ይመስለኛል።

ፍጥነትንና ብልሃትን የሚያስቀድሙ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት «ኢራፕሽን»ን ነው። ቫን ሄለን የተባለው ባንድ በ1978 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ የሚገኘው ይህ ሥራ የሚፈጀው 1 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ሆኖም ኤዲ ቫን ሄለን የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች በጊታሩ አንገት ላይ እያሳረፈ ያፈለቃቸው ድምፆች ከእርሱ በኋላ የመጡ ጊታሪስቶችን አሠራር ለውጠዋል። ስልቱን የፈለሰፈው እርሱ አይደለም፤ የጄነሲስ ባንድ ጊታሪስት ስቲቭ ሃኬት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይጠቀምበት ነበር፤ ዓለም እንዲነጋገርበት ያደረገው ግን ኤዲ ነው። ታላቅነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን በ«ኢራፕሽን» ዙሪያ የሚዘፈን ዘፈን የለም፤ ሶሎው ራሱ ሙሉ ሥራ ስለሆነ «ቢወጣ ምን ይጎድላል?» የሚለው ጥያቄ አይነካውም። በዚሁ ምክንያት፣ በታላቅ ቅሬታም ቢሆን፣ የፈንካዴሊኩ ኤዲ ሄዘል በ1971 የተጫወተውን «ማጎት ብሬይን»ን ከዚህ ውድድር አወጣዋለሁ። የባንዱ መሪ ጆርጅ ክሊንተን ሄዘልን «እናትህ እንደሞተች ሰምተህ እንደሆነ አድርገህ ተጫወት» እንዳለው ሲተርክ ኖሯል፤ ያንን አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈስ ኀዘን የሰማ ሰው ትረካውን ለማመን አይቸገርም። ይህ ሥራ በሌላ ሚዛን ቢመዘን ተወዳዳሪ ላይገኝለት ይችላል።

ፍጥነት ብቻውን መለኪያ እንዳልሆነ ለማሳየት ኒል ያንግ በ1969 ባወጣው «ሲናሞን ገርል» ውስጥ ያለውን ሶሎ መስማት ይበቃል። ያንግ አንዱን ኖታ ደጋግሞ ይመታል፤ ከዚያ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ኖታው አንድ ቢሆንም ከሥሩ ያሉት ኮርዶች (በአንድነት የሚሰሙ ኖታዎች) እየተለዋወጡ ስለሚሄዱ በየጊዜው ሌላ ቀለም ይይዛል፤ አድማጩም መሰልቸት ሲጠበቅበት መጓጓት ይጀምራል።

ሁለተኛው የተለመደ ሙግት እውነተኛ ሶሎ በቅጽበት የሚፈልቅ ነው በሚሉና አስቀድሞ የታሰበበት ይበልጣል በሚሉ ወገኖች መካከል ያለው ነው። እኔ ይህ ክርክር ከሥሩ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በጣም የምንወዳቸው ሶሎዎች ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ብቻ የሚቀመጡ አይደሉም። ጂሚ ፔጅ ለ«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ሦስት የተለያዩ ሶሎዎችን በቅጽበት ተጫውቶ ቀረጸና አንዱን መረጠ፤ መጫወቱ ድንገተኛ ነበር፣ ምርጫው ግን የታሰበበት ነው። ዴቪድ ጊልሞር ለ«ኮምፎርተብሊ ነም» በርካታ ሶሎዎችን ከተጫወተ በኋላ የእያንዳንዱን ጥሩ ጥሩ ሐረግ መርጦ በማያያዝ ዛሬ የምንሰማውን አንድ ወጥ ሶሎ አበጀ። ያ ሲያለቅስ የሚመስለን ጊታር በአንድ እስትንፋስ የወጣ ልቅሶ ሳይሆን በትዕግሥት የተቀናበረ ሥራ ነው፤ ይህን ማወቄም ለሶሎው ያለኝን ፍቅር ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ኢግልስ የተባለው ባንድ የሠራው የ«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ታሪክ ነው። የዜማውን መሠረት የጣለው የባንዱ ጊታሪስት ዶን ፌልደር በቤቱ ሆኖ በካሴት በቀረጸው ረቂቅ ላይ ሶሎውን በድንገት ተጫውቶት ነበር። ባንዱ ማያሚ ውስጥ ዘፈኑን ለመቅረጽ በተሰበሰበ ጊዜ ፌልደርና ሌላው ጊታሪስት ጆ ዋልሽ አዲስ ነገር መጫወት ሲጀምሩ ድምፃዊው ዶን ሄንሊ አስቆማቸው፤ በረቂቁ ላይ ያለው እንዳለ እንዲደገም ጠየቀ። ፌልደር የተጫወተውን በቃሉ ስላልያዘው ቤቱን ወደምትጠብቀው ሴት ስልክ ደውሎ ካሴቱን በስልኩ አጠገብ እንድታጫውትለት አደረገ፤ ከዚያም የራሱን ቅጽበታዊ ፈጠራ ከራሱ ካሴት ላይ አጠና። እንግዲህ ይህን ሶሎ «ድንገተኛ» ወይስ «የተጠና» እንበለው? በመጨረሻው ክፍል ሁለቱ ጊታሮች ተራ በተራ ከተነጋገሩ በኋላ ተጣምረው አንድ ዓይነት ሐረግ በተለያየ ከፍታ ሲጫወቱ የሚሰማ አድማጭ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ ይረሳዋል።

በመድረክ ላይ የተጫወቱትን የሚያስቀድሙ ሰዎችም አሉ፤ ለእነርሱ ዋናው ምስክር ፕሪንስ በ2004 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ከሮክ የክብር መዝገብ በገባበት ምሽት በ«ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» መጨረሻ ላይ የተጫወተው ነው። እውነትም ድንቅ ነው። ሆኖም ዘፈኑ ከፕሪንስ በፊትም ሙሉ ነበር፤ በ1968ቱ የቢትልስ ቅጂ ላይ ኤሪክ ክላፕተን የተጫወተው ሶሎ ለዘፈኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጥቶታል። ፕሪንስ የሰጠን ተጨማሪ ደስታ ነው፤ ደስታን አልንቅም፣ ከአስፈላጊነት ግን እለየዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች እመጣለሁ። «ኮምፎርተብሊ ነም» ፒንክ ፍሎይድ በ1979 ባወጣው «ዘ ዎል» ውስጥ በአንድ ሐኪምና ራሱን ከዓለም በነጠለ አንድ ዘፋኝ መካከል የሚካሄድ ንግግር ነው። ሐኪሙ በሮጀር ዎተርስ ድምፅ በጨለማው የቢ ማይነር ቅኝት ይጠይቃል፤ ታማሚው በጊልሞር ድምፅ በብሩሁ የዲ ሜጀር ቅኝት ይመልሳል። የመጀመሪያው ሶሎ የሚመጣው በታማሚው ወገን ነው፤ የተረጋጋ፣ ከሕመም የራቀ፣ እንደ ሕልም የሚንሳፈፍ ነው። ሁለተኛውና ዝነኛው ሶሎ ግን በሐኪሙ ኮርዶች ላይ ያርፋል። ብዙ አድማጭ ይህን ልብ የሚለው አይመስለኝም፤ ነገሩ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ታማሚው በቃሉ «ምንም አይሰማኝም» ብሎ ንግግሩን ዘግቷል፤ ሐኪሙም ሰውየውን ወደ መድረክ ለማውጣት የሚያስፈልገውን መርፌ ወግቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ሐኪሙ በቆመበት መሬት ላይ ሆኖ ሰውየው አይሰማኝም ያለውን ሁሉ ያሰማል። ዘፈኑም ወደ ብሩሁ ክፍል ዳግመኛ አይመለስም። ይህ ሶሎ ባይኖር የምናምነው የታማሚውን ቃል ብቻ በሆነ ነበር፤ ሶሎው ቃሉን ያፈርሰዋል። ከዚህ የበለጠ አስፈላጊ ሶሎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህን ከሁሉ የሚያስቀድም ሰው ቢገጥመኝ ብዙ አልሟገተውም።

እኔ ግን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ የሚቆመው «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ነው እላለሁ። ዘፈኑ የቦብ ዲላን ነው፤ ዲላን በታኅሣሥ 1967 ካወጣው በኋላ ሄንድሪክስ ሳምንታት እንኳ ብዙ ሳያልፉ፣ በጥር 1968፣ ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ መቅረጽ ጀመረ፤ ሥራውንም ኒውዮርክ ውስጥ ፈጸመው። ቤዝ ጊታሩን የተጫወተው ራሱ ሄንድሪክስ ነው፤ ዴቭ ሜሰን በአሥራ ሁለት ክር ጊታር፣ ሚች ሚቸል በድራም አጅበውታል። የዘፈኑ አወቃቀር እጅግ ቀላል ነው፤ ሦስት ኮርዶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየዞሩ ይመለሳሉ፣ አዝማች የለውም፣ ወደ ሌላ ክፍልም አይሻገርም። በዲላን ቅጂ ይህ መዞር እንደ ተረት አተራረክ ሆኖ ያገለግላል፤ በጠንካራ ባንድ ሲሠራ ግን አንድ ቦታ ቆሞ የመቅረት አደጋ ነበረው።

ግጥሙ ሦስት አንጓዎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች አንድ ቀልደኛና አንድ ሌባ ይነጋገራሉ፤ ቀልደኛው ግራ መጋባቱንና መበዝበዙን ያማርራል፣ ሌባውም ያረጋጋዋል፤ ሰዓቱም እየመሸ እንደሆነ ይነግረዋል። ሦስተኛው አንጓ ድንገት ወደ መጠበቂያው ግንብ ይወስደንና ከሩቅ ሁለት ፈረሰኞች ሲቀርቡ፣ ነፋስም ማጓራት ሲጀምር ያሳየናል። በንግግሩና በፈረሰኞቹ መታየት መካከል የሆነውን ግጥሙ አይነግረንም። ረጅሙ ሶሎ የተቀመጠው በትክክል እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እኔ ሶሎውን የምሰማው የሁለቱ ሰዎች ጉዞ አድርጌ ነው።

ጉዞውም አራት ምዕራፎች አሉት። መጀመሪያ ጊታሩ ያለ ብዙ ማስዋቢያ፣ በጠራ ድምፅና በተከፋፈሉ ሐረጎች ይናገራል። ቀጥሎ ክሮቹ ላይ በሚንሸራተት ነገር የሚወጣ፣ የገደል ማሚቶ የተጨመረበት ድምፅ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቦታው በድንገት ይሰፋል፣ ሜዳ ላይ የወጣን ያህል ይሰማናል። በሦስተኛው ክፍል ዋዋ የሚባለው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ይገባል፤ ጊታሩ አፉን ከፍቶ እየዘጋ የሚናገር ይመስላል። በመጨረሻ ሄንድሪክስ ነጠላ ኖታዎችን ትቶ ኮርዶችን በምት ይመታል፤ ግልቢያው ፍጥነት ይጨምራል፣ ክሮቹም ወደ ላይ ተስበው ይወጣሉ፣ ወዲያውም ድምፁ ተመልሶ ግንቡን ይጠራል። አራት የተለያዩ የጊታር ድምፆች፣ በማይለዋወጡ ሦስት ኮርዶች ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ከጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። አንዱም ክፍል ችሎታን ለማሳየት ብቻ የገባ አይደለም፤ እያንዳንዱ ካለፈው ርቆ ይሄዳል። ሶሎው ቢወጣ የሌባው ማስጠንቀቂያና የፈረሰኞቹ መምጣት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የማይገናኙ ሥዕሎች ይሆናሉ።

«የሰው ዘፈን ላይ የተጫወተ ሰው እንዴት አንደኛ ይሆናል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለእኔ ይህ ማስረጃዬን ያጠነክረዋል፤ ሄንድሪክስ ቃላቱን ሳይነካ ግጥሙ ያልተናገረውን አግኝቷል። ዲላን ራሱም ከ1974 ወዲህ ዘፈኑን በመድረክ ላይ በሄንድሪክስ አካሄድ መጫወት ጀምሯል፤ ከደራሲው የበለጠ ምስክር ማቅረብ አልችልም።

ስለዚህ አንደኛ ሄንድሪክስን፣ ሁለተኛ ጊልሞርን አስቀምጣለሁ። በሦስተኛው ቦታ ላይ ከ«ሆቴል ካሊፎርኒያ» ይልቅ «ስቴርዌይ»ን እመርጣለሁ። ሁለቱም ሶሎዎች የሚመጡት ወደ መጨረሻው ነው፤ ነገር ግን የፌልደርና የዋልሽ ሶሎ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ድንቅ መዝጊያ ሲሆን፣ የፔጅ ሶሎ ግን በዝግታ ያደገውን ዘፈን ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት በከፍተኛ ድምፅ ወደሚዘፍነው የመጨረሻ ክፍል የሚያሻግር ነው። ያ መሻገሪያ ባይኖር ያ ጩኸት ከየት እንደመጣ ባልገባን ነበር።