የቆቃን አልጌ ከአዳማ ሆኜ ለመተንበይ ስሞክር

አዳማ የምንጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው፤ አዋሽ ደግሞ እኛ ጋ የሚደርሰው በ1960 እ.ኤ.አ. በተገደበው ቆቃ ውስጥ ከርሞ ነው። ሐይቁ ላይ እንደ ቀለም የሚተኛውን አረንጓዴ ነገር፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ሳይኖባክቴሪያ (በተለምዶ አልጌ የምንለው፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚያድግ ባክቴሪያ)፣ መቼ እንደሚነሳ ቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ልየው ብዬ ገባሁበት።

መነሻዬ የባሕር ዳርቻ ጥናቶች ነበሩ። ፍሎሪዳ ዳርቻ ዓሣ የሚፈጀውን ካሬኒያ ብሬቪስ የተባለ የባሕር አልጌ የሚተነብዩት ሰዎች ትልቁ ጭንቀታቸው የባሕር ሞገድና ጅረት ወዴት ይወስደዋል የሚለው ነው። ቆቃ ላይ ወሳኙ ንፋስ ነው። ማይክሮሲስቲስ በውስጡ አየር የያዙ ከረጢቶች ስላሉት ውሃው ሲረጋ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ንፋስ ሲነሳ ወይ ይደባለቃል ወይ ወደ ዳር ይገፋል።

የሐይቁን ምስል ሴንቲኔል-2 ከሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ወሰድኩ። ነጻ ነው፣ በየአምስት ቀኑ ይመለሳል፤ የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት በሚተነተንበት በጉግል ኧርዝ ኢንጂን ስሌቱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሚሠራ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ አልተጨነቀም። ለጥልቅ ባሕር የተሠራው ቀመር ሰማያዊንና አረንጓዴን ብርሃን ያነጻጽራል፤ አዋሽና ሞጆ አፈር በሚያመጡበት ቡናማ ውሃ ላይ ግን አይረባም። የሚያዋጣው 665 እና 705 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያላቸውን ሁለት ቀይ ብርሃኖች ማነጻጸር ነው፤ የአልጌው አረንጓዴ ቀለም (ክሎሮፊል) የመጀመሪያውን ይውጠዋል፣ ሁለተኛው ግን ከአልጌው ተንጸባርቆ ይመለሳል።

ያደከመኝ እምቦጭ ነው። ከላይ ሲታይ እሱም አረንጓዴ፣ ወፍራም የአልጌ ንጣፍም አረንጓዴ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዳር ድረስ ሄጄ በስልክ ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ። እዚያ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ምስሉን ስልኬ ላይ አይተው፣ «ይሄ የረፋዱ ነው፤ ከሰዓት ንፋሱ ሲመጣ ሁሉም እዚህ ዳር ይከመራል፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሳተላይቱ የሚያልፈው አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ የንፋስን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም ሞዴሉ ውስጥ አስገባሁ።

ሞዴሉ ራሱ ቀላል ነው፦ ራንደም ፎረስት (ካለፈ መረጃ ተምሮ የብዙ ቀላል ውሳኔዎችን ድምር የሚወስድ ዘዴ)፣ ግብዓቱ የሳምንታት ዝናብ፣ ሙቀት፣ ንፋስና ያለፈው ምስል። የምመክረው ግን ከሱ በፊት ያለውን ነው። «የሚቀጥለው ምስል እንደ አሁኑ ይሆናል» የሚለውን የሰነፍ ግምት ለማነጻጸሪያ መጀመሪያ ጻፉት። አልጌ አንዴ ከተነሳ ስለሚቆይ ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የኔም ሞዴል በጥቅሉ የበለጠው በጥቂቱ ነው። ልዩነቱ የታየው ንጹሕ የነበረው ውሃ አረንጓዴ መሆን ሲጀምር ነበር፤ ለውሃ ማጣሪያ ሠራተኛ የሚጠቅመውም ያ ነው። መረጃውንም ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ የምትከፍሉት በዓመት ይሁን። በዘፈቀደ ከተከፈለ የሰኔ 5 ምስል ለሰኔ 10 መልሱን ይነግረዋል፤ ውጤቱም አለቅጥ ያማረ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ በደመና ምክንያት ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል፤ እነሱን በግምት አልሞላሁም።

ሞዴሉ የሚተነብየው አረንጓዴነትን እንጂ መርዝን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን-ኤልአር (ማይክሮሲስቲስ የሚያመነጨው መርዝ) ነው፤ ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። መርዙ መኖሩን የሚነግረን የላቦራቶሪ ናሙና ብቻ ነው። አሁን የያዝኩት ናሙና የሚቀዳበትን ቀን ከሳተላይቱ ማለፊያ ቀን ጋር ማገጣጠም ነው።